የንብ አናቢው ካብ

አንድ ንብ አናቢ ነበረ፤ እንዳንቺው ጓሮው የተደፈረበት። «የኔታ፥ አጥሬን ምን ያህል ላስረዝመው?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ የእሱን ነገር ልንገርሽ።

ይህ ሰው ሀብቱ ሁሉ ጓሮው ውስጥ ነበር። ከቤቱ በስተጀርባ ሰፊ ቦታ ነበረው፤ ቀፎዎቹ በዳስ ሥር ተደርድረው፥ ጌሾውና ጎመኑ በአንድ ወገን፥ መሰላሉ፥ መጥረቢያውና የውሃ በርሜሉ በሌላ ወገን። ቀፎዎቹን ከሚስቱ ጋር በገዛ እጃቸው ነው የሠሯቸው፤ እሱ ሸምበቆውን ይጎነጉናል፥ እሷ ጭቃና እበት ትለስናለች። ጓሮውን የሚከልለው ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብ ነበር። ከካቡ ወዲያ ወደ ምንጭ የሚያወርድ መንገድ ስላለ፥ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ሲወጡና ሲወርዱ ሰላም ይሉታል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ እማማ ማንጠግቦሽ የሚባሉ አሮጊት ይኖሩ ነበር። እግራቸው አልታዘዝ ስላላቸው ቀኑን ሙሉ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። እጃቸው እንዝርቱን ያሾራል፥ ዓይናቸው ግን የሰውዬው ጓሮ ላይ ነው።

«አንተ ልጅ፥ ዶሮህ ጎመኑን ጨረሰችው!» ይላሉ። «ፍየል ገባችብህ!» ይላሉ። ሰውዬውም ይበሳጫል። በገዛ ጓሮዬ እንኳ ብቻዬን አልሆንም እንዴ ይላል በልቡ።

አንድ ቀን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሠርግ ተጠርቶ ሄደ። እማማ ማንጠግቦሽንም በቃሬዛ ወስደዋቸው ነበር። ንብ አናቢው ከሠርጉ ሲመለስ መሰላሉ የለም፥ መጥረቢያው የለም፥ ከቀፎዎቹም አንዱ፥ ያውም ማር የሞላው፥ ከነንቡ ተወስዷል።

ሰውዬው ከዚያ በኋላ ያየውን ሰው ሁሉ ይጠረጥር ጀመር። ውሃ የምትቀዳዋ ሴት ወደ ጓሮው ዞር ካለች፥ ቀፎ የምትመርጥ ይመስለዋል።

«ሰው ያላየውን አይመኝም፤ ካላዩት አይሰርቁትም» አለ ለሚስቱ።

ካቡንም ሊያስረዝም ተነሣ። ያ በጋ ድንጋይ በመሸከም አለቀ። ካቡ ወገብን አለፈ፥ ደረትን አለፈ፥ ከሰው ቁመት በላይ ሆነ። በላዩ ላይ እሾህ ደፋበት። አልበቃ አለውና ከመንገዱ ግማሹን ወደ ውስጥ ከልሎ አጠረው፤ የቀረው ስለጠበባቸው ሴቶቹም ጀሪካናቸውን አዝለው ዳገቱን ዞረው መሄድ ግድ ሆነባቸው።

የመጨረሻዎቹን ድንጋዮች ሲደረድር እማማ ማንጠግቦሽ ከደጃቸው ሆነው፥ «እንግዲህ ልጄ፥ እኔ ምን አይቼ ልዋል?» አሉት።

«ጥጥዎን ይዩ እማማ» አላቸው። «እኔን የዘረፈኝ የሰው ዓይን ነው።»

እሳቸውም ወደ እንዝርታቸው ተመለሱ። እሱም ከዚያ ቀን ወዲህ የማንም ድምፅ ሳይረብሸው ጓሮው ውስጥ ሥራውን ይሠራ ጀመር። ደስ አለው። እፎይ አለ።

በገበያ ቀን ከሚስቱ ጋር ለጧፍ የሚሆን ሰፈፍ ሊሸጡ ወጡ። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ የጓሮው በር እንደተቆለፈ ነው፤ ካቡም አልፈረሰም። ከፍተው ሲገቡ ግን ቀፎዎቹ በሙሉ ተከፍተዋል። የማሩ እንጀራ ተቆርጦ ተወስዷል፥ የንቡ እጭ መሬት ላይ ተጥሏል፥ ቤት ያጡት ንቦች በዳሱ ምሰሶ ላይ ተጠቅጥቀው ያጉረመርማሉ። ሚስቱ እጇን አፏ ላይ ጭና ተቀመጠች።

ሰውዬው ግን ከመጥፋቱ ይልቅ አጠፋፉ ገረመው። ሌቦቹ ከመንገዱ በማይታየው ጥግ እሾሁን ገፍተው በመሰላል ገብተዋል፤ አልቸኮሉም። በገዛ ማጨሻው ንቦቹን አጭሰዋል። በጌሾው ጥላ ሥር ተቀምጠው በቆሎ ጠብሰው በልተዋል፤ ቆረቆንዳው እዚያው ተከምሯል። እጃቸውን ከበርሜሉ ውሃ ታጥበው ክዳኑን በወጉ መልሰው ገጥመዋል። በቤታቸው የዋሉ ነው የሚመስሉት።

ንዴቱን ይዞ ወደ እማማ ማንጠግቦሽ ሮጠ። «ቀኑን ሙሉ እዚህ ተቀምጠው አንድ ነገር አልሰሙም?» አላቸው።

«መስማቱንስ ሰምቻለሁ» አሉ አሮጊቷ። «ጭሱ ሸተተኝ፥ ንቦቹም ሲንጫጩ ሰማሁ። ከገበያ ቀርቶ ማር እየቆረጠ ነው ብዬ፥ ‹እግዜር ያበርታህ ልጄ!› ብዬ ተጣራሁ። ከካቡ ወዲያ ‹አሜን እማማ› የሚል ድምፅ መጣ። ድምፅህ ጎርነን ብሎብኝ፥ ጉንፋን ይዞት ነው ብዬ አዘንኩልህ።»

ሰውዬው አሮጊቷ አጠገብ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ያን ያህል ዘመን ጎረቤታቸው ሆኖ እዚያ ቦታ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ቀና ብሎ ወደ ቤቱ ተመለከተ። ከድንጋይና ከእሾህ በቀር የሚታይ ነገር የለም።

«ይቅር ይበሉኝ እማማ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ምን አጠፋህ? ደነገጥክ እንጂ» አሉት።

በማግስቱ ጠዋት ካቡን ያፈርስ ጀመር። ሚስቱ የድንጋዩን ድምፅ ሰምታ ወጣች።

«አንተ ሰው፥ ምን ነካህ? የቀረችንንም ልታስወስዳት ነው?»

«ካቡ የሰወረው ማሩን አይደለም» አላት። «ሌቦቹን ነው።»

እሷም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ከእሱ ጋር ድንጋይ ታወርድ ጀመረች።

ሰውዬው ሞኝ አልሆነም። አዲስ የገዛውን መሰላል በሰንሰለት አሰረ። ማጨሻውንና ቢላዋውን ቤት አስገባ። በየቀፎው ላይ በጋለ ብረት ምልክቱን አተመ። ሰው ሊሸሸግበት የሚችለውን የጌሾ ቅርንጫፍ መለመለ። ካቡን ግን እስከ ወገብ አወረደው፥ መንገዱንም ከፈተ። በተረፈው ድንጋይ ምን አደረገ መሰለሽ? ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አውርደው ትንፋሽ የሚሰበስቡበት መቀመጫ በመንገዱ ዳር ሠራላቸው። መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ዝም ብለው ያልፉ ነበር። እየዋለ እያደረ አንዷ ተቀመጠች፥ ሌላዋም ተከተለች።

እማማ ማንጠግቦሽም በዚያው ሰሞን፥ «ንቦችህ ወይራው ላይ ሰፍረዋል፥ ቶሎ በል!» ብለው ጮኹ። ሮጦ ሄዶ መንጋውን ወደ አዲስ ቀፎ አስገባ። እሳቸው ባያዩለት ኖሮ መንጋው ወደ ቆላ ወርዶ ይቀርበት ነበር።

ሌላ የገበያ ቀን መጣ። ባልና ሚስቱ ከቤት እንደ ወጡ ሁለት ጎረምሶች ከታች መጡ፤ አንደኛው እግሩን ካቡ ላይ ሰቀለ።

«ማንን ፈልጋችሁ ነው ልጆቼ?» አሉ አሮጊቷ። አልጮኹም፤ እንዝርታቸውንም አላቆሙም። መቀመጫው ላይ ያሉት ሴቶች ግን ወሬያቸውን አቋርጠው ሁሉም ዞሩ።

ጎረምሳው እግሩን አወረደ። «ውሃ ጠምቶን ነው እማማ።»

አንዷ ሴት ከጀሪካኗ በጣሳ ቀድታ፥ «እንኩ ጠጡ። ለመሆኑ የማን ልጆች ናችሁ? ከወዴት ነው የመጣችሁ?» አለቻቸው።

ጠጡ። ጣሳውን አመስግነው መለሱና በመጡበት ቁልቁል ወረዱ። ማንም አላባረራቸውም፥ ማንም ድንጋይ አልወረወረም። ንብ አናቢው ታሪኩን ከቤቱ ሳይደርስ መንገድ ላይ ሰማው። የተዘረፈው ማር እንደሆነ አልተመለሰለትም። በኅዳር ግን ቀፎዎቹ እንደገና ሞሉ፤ ከቆረጠው ማር የመጀመሪያውን ለአሮጊቷ አደረሰ።

እንግዲህ ልጄ፥ ያ ንብ አናቢ አንቺ ነሽ። አዲስ የምትገዢውን በርሜል በሰንሰለት እሰሪ፥ ዶሮዎችሽን ሲመሽ ቤት አስገቢ፤ ይህን አልከለክልሽም። ነገር ግን ቁልፍ ሰው አይጣራም፤ ግንብም «ማንን ፈለጋችሁ?» ብሎ አይጠይቅም። ይህን የሚያደርግ ጎረቤት ነው። አንቺ ደግሞ ከተሰረቅሽ ወዲህ የጎንሽን ሴት ጠርጥረሽ ሰላምታ እንደነፈግሻት ሰምቻለሁ። ሌባው የወሰደብሽ በርሜል ነው፤ ይተካል። ጎረቤትሽን ግን እሱ አልወሰደብሽም፤ አንቺው ነሽ አውጥተሽ የጣልሻት። እሷን ማስመለስ ደግሞ በእጅሽ ነው። ግንበኛውን ነገም ታገኚዋለሽ። ዛሬ ግን፥ ቤትሽ ከመግባትሽ በፊት፥ የእሷን በር አንኳኪ።