በሬውን የሳተ ወንጭፍ

አንድ ሸማኔ ከደጋ ወርዶ ቆላ ሚስት አገባ። ስሙ አላምረው ይባላል። ሚስቱ እንጉዳይ ከአባቷ የወረሰችው የማሽላ ማሳ፣ አንድ በሬና በአገሩ ሁሉ የታወቀ የወንጭፍ ክንድ ነበራት። አላምረው ደግሞ ይዞ የወረደው የሽመና ዕቃውንና ስለ ራሱ የነበረውን መልካም ግምት ነው።

በዚያ ቆላ ማሽላ መዝራት ቀላል ነው፤ ማሽላ መብላት ግን ሌላ ነገር ነው። እህሉ ማሸት ሲጀምር ወፍ ከላይ፣ ጦጣ ከጎን፣ ከብት ከታች ይመጣል። ስለዚህ ገበሬው በማሳው መካከል ከእንጨት ከፍ ያለ ማማ ይሠራና ወንጭፉን ይዞ እዚያ ላይ ይውላል። እስከዚያ ዓመት ድረስ ማማው ላይ የምትውለው እንጉዳይ ነበረች። በዚያ ዓመት ግን ነፍሰ ጡር ሆነች፤ ሆዷ ሲገፋ የማማው መሰላል ለእሷ የሚሆን አልነበረም።

«ዘንድሮ ማማው ያንተ ነው» አለችው።

«ምን ችግር አለው?» አለ አላምረው። «ዕድሜዬን ሙሉ መወርወሪያ ስወረውር የኖርኩ ሰው፣ ድንጋይ ያቅተኛል?»

መወርወሪያ ሸማኔው በድሩ መካከል ከአንድ እጁ ወደ ሌላው እጁ የሚልካት፣ ክር የያዘች ትንሽ እንጨት ናት። እንጉዳይ ፈገግ አለች።

«መወርወሪያህን ሌላው እጅህ ይቀበልልሃል» አለችው። «ድንጋዩን ማን ይቀበልልሃል?»

አላምረው በመልስ ፈንታ ሥራ ጀመረ። የአገሩ ሰው ወንጭፉን ከቃጫ ይገምዳል፤ ድንጋይ የሚያቅፈውን መሃሉን ከቆዳ ያበጃል። አላምረው ግን ወንጭፉን ከጥሩ የጥጥ ፈትል ሸመነው፤ ዳር ዳሩንም በቀይና በአረንጓዴ ጥለት አስጌጠው። እንጉዳይ ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

«ወፎቹን ልታባርራቸው ነው ወይስ ልትድራቸው?»

እሱም ሳቀ። ወንጭፉን ግን አልቀየረም።

ልምምዱ የተጀመረው ከቤታቸው ጀርባ፣ ውኃው በደረቀ ወንዝ ዳር ነው። እንጉዳይ አንድ ቅል በእንጨት ጫፍ ላይ ሰካች። የወንጭፉን አንድ ጫፍ በባሏ ጣት ላይ አጠለቀች፤ ሌላውን ጫፍ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አስያዘችው። ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህኛው ጫፍ ነው። ቀድሞ ከተለቀቀ ድንጋዩ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ዘግይቶ ከተለቀቀ የሚሄድበትን የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። የአላምረው የመጀመሪያ ድንጋይ ዘገየ። ወደ ኋላ በርሮ በጓሮው የተቀመጠውን እንስራ ከሁለት ከፈለው።

«ወንዙ በዚህ በኩል ነው» አለች እንጉዳይ፣ በጣቷ እያሳየች። «እንስራውን አስበህ ከሆነ ግን ጎበዝ ነህ።»

አላምረው ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አልነበረም። ሽመና ያስተማረው አንድ ነገር ቢኖር፣ የተበጠሰ ክር ተቀጥሎ ሥራ እንደሚቀጥል ነው። እሷም አልተሰላቸችም። ድንጋይ አለመምረጡን ስታይ፣ «ዛሬ እንቁላል የሚያህል፣ ነገ ቡጢ የሚያህል ከወረወርክ ክንድህ ምኑን ይማር?» አለችው፤ ከዚያ በኋላ ከወንዙ ድቡልቡሉንና እኩያ እኩያውን እየለቀመ ያጠራቅም ጀመር። ትከሻውን ሲያወናጭፍ የእጁን አንጓ ያዘችና፣ «እዚህ ጋ ነው፤ ሌላውን አሳርፈው» አለችው። ዓይኑ ሲባዝንም፣ «ቅሉን እይ! እኔን ሳይሆን ቅሉን!» ትለው ነበር። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አልነበረም፤ እርግዝና ያማረባት ሴት ናት።

እየቆየ ቅሉ ይንኳኳ ጀመር። ከዚያም ከመንኳኳት አልፎ ይሰነጠቅ ጀመር። አላምረው ማማው ላይ ወጣ፤ በየማታውም የቀኑን ውሎ እራት ላይ ያወራ ጀመር፤ የትኛዋን ወፍ ከየትኛው አገዳ ላይ እንዳነሣት፣ የጦጣው አለቃ እንዴት ብሎ እንደሸሸ። ፍቅር አንዳንድ ጊዜ የሰሙትን ወሬ እንደ አዲስ ሰምቶ «እሺ፣ ከዚያስ?» ማለት ነው። እንጉዳይ ይህን ታውቅበት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ወፏ የምትበላው የአንዱን ራስ ጥቂት ፍሬ ነው፤ ድንጋይህ ግን አገዳውን ጭምር ይሰብራል፤ ከማን ነው የምትጠብቀው?» አለችው። አላምረው ቀልድ መሰለው።

እነ አላምረው የነበራቸው በሬ አንድ ብቻ ነው፤ ወይኖ የሚባል። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ጎረቤታቸው ታፈረም እንዲሁ አንድ በሬ ነበረው፤ ዳልቻ የሚባል። ስለዚህ ሁለቱ ቤቶች በሬዎቻቸውን አንድ ላይ እየጠመዱ፣ ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። ይህ መቀናጆ ይባላል። ከጋብቻ የሚለየው በጥቂቱ ነው፤ አንዱ ሲያነክስ ሌላውም ይቆማል።

ማሽላው ሊደርስ ሲቃረብ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ዳልቻ ገመዱን በጥሶ ማሳው ውስጥ ገባ። የሚበላውም ምርጥ ምርጡን ነበር። አላምረው ከማማው ላይ ጮኸ። በሬው ቀና ብሎ አየው፤ አየውና መብላቱን ቀጠለ። አላምረውን ያናደደው መብላቱ ሳይሆን፣ አይቶት መቀጠሉ ነው። ደሙ ፈላ። ወንጭፉን አዞረ፤ ዓይኑን ከበሬው ላይ ለቅጽበት አላነሣም። ድንጋዩ ሄዶ የፊት እግሩን ጉልበቱ ላይ አገኘው። ድምፁ እንደ ቅል አልነበረም። በሬው አጓራና በሦስት እግሩ እየዘለለ ወጣ።

ለአንድ አፍታ አላምረው ደስ አለው። ታሪኩን የሚያወራ ሰው ይህንን መዝለል የለበትም።

ታፈረ አመሻሹ ላይ መጣ። ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ትልቅ ሰው ነው። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ «አንተ ደገኛ! ና ውጣ!» አለ።

አላምረው ወጣ። «በሬህ ማሽላዬን በላው።»

«በሬ ነዋ! ምን ይብላልህ ታዲያ፣ ጥለት?»

«ማሰር ያንተ ፈንታ ነበር።»

«አስሬው በጠሰ! አንተስ? ክር ስትቆርጥ ኖረህ አሁን እግር መቁረጥ ጀመርክ?» በሬውን ከጥጃነቱ ጀምሮ ያሳደገው ታፈረ ነው። «ስማኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ዳልቻ ከወይኖ ጋር አይጠመድም። ቢሽርም አይጠመድም። ማማህ ላይ ተቀምጠህ በወንጭፍህ እረስ!»

ይህን ብሎ ሄደ። የሚመጣው ዓመት እህል በዚህች ንግግር አብሮ ሄደ ማለት ነው። ዝናብ ይጥላል፣ ማሳው ሳይታረስ ይቀራል፣ በዚያ ላይ ቤቱ ውስጥ አንድ አዲስ አፍ ይጨመራል። አላምረው ይህን ማሰብ ሲገባው ያሰበው ግን «ደገኛ» የሚለውን ነው፤ ከዚያም «ጥለት» የሚለውን። ባሰበው ቁጥር ቃሉ እየከበደ ሄደ። ዱላውን አነሣ።

«ወዴት ነው?» አለች እንጉዳይ።

«ላናግረው።»

«በዱላ?»

በሩን ገፍቶ ወጣ። ወደ ታፈረ ቤት የሚወስደውን መንገድ ሳያጋምስ አንድ ነገር ከኋላው ሽው አለና በጎኑ አለፈ። ድንጋይ ነበር። ከጫማው ጫፍ ስንዝር በማትሞላ ርቀት መሬቱን መትቶ አቧራ አስነሣ። አላምረው ባለበት ቀጥ አለ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረ። እንጉዳይ በአጥሩ በር ላይ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ በሌላው አሮጌ የቃጫ ወንጭፏን ይዛ ቆማለች።

«ሴትዮ! ልትገድይኝ ነው እንዴ?»

«ብፈልግማ ይህን ጊዜ ተገላግዬ ነበር» አለችው። «ና ተመለስ።»

ተመለሰ። ከእንዲህ ያለ ድንጋይ በኋላ የማይመለስ ሰው የለም። በሩ ላይ ሲደርስ የንዴቱ እኩሌታ መንገድ ላይ ቀርቶ፣ በቦታው የተማሪ ጉጉት ገብቶ ነበር።

«እንዴት አልመታሽኝም? እኮ እዚህች ጋ ነው ያረፈው!»

«አንተን አላየሁህማ።»

«እንዴት አላየሽኝም?»

«ያየሁት አፈሩን ነው፤ ከእግርህ ፊት ያለውን። ድንጋይ የዓይን አሽከር ነው፤ ዓይን ወደላከው ይሄዳል። አንተን እያየሁ ብወረውር ኖሮ አንተን ነበር የማገኘው።» ወንጭፏን ጠቀለለችና ቀጠለች። «አንተ ዛሬ ዳልቻን ብቻ ነው ያየኸው። እንዲመለስ የምትፈልግበትን ቦታ አላየኸውም።»

«ተናድጄ ነበራ!»

«እኔስ አሁን የተናደድኩ አልመሰለህም?» አለች እንጉዳይ። «በዱላ ሄዶ መቀናጆ የሚያስመልስ ባል ያገባሁት እኔ!»

አላምረው ዱላውን አስቀመጠ። በማግስቱ ባዶ እጁን ሄዶ ታፈረን ይቅርታ ጠየቀው። ታፈረ በሩን አልከፈተም፤ ከውስጥ ሆኖ «ሰምቻለሁ» ብቻ አለ።

ልምምዱ እንደገና ተጀመረ። አሁን ቅሉ ከእንጨቱ ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ከፊቱ ጣል። ከነካኸው እራት የለም» ተባለ። አላምረው ከመምታት መሳት እንደሚከብድ ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ዓይን ቅል ይወዳል፤ ባዶ አፈር ላይ ቁጭ በል ሲሉት ይሸሻል። በተለይ አላምረው የታፈረን ነገር ባሰበበት ቀን ዓይኑ ሳያስፈቅደው ወደ ቅሉ ይሄዳል፤ ድንጋዩም ይከተለዋል። በዚያ ሰሞን በቤታቸው ደህና ቅል አልተረፈም። እራቱ ግን አንድም ቀን አልቀረም፤ እንጉዳይ ዛቻዋን የምትረሳበት ልዩ ችሎታ ነበራት።

ማሽላው ሊታጨድ ሲል የዳልቻ እግር ድኖ ነበር። በሬ ደግሞ የቀመሰውን አይረሳም። አንድ ጠዋት ችካሉን ነቅሎ፣ ገመዱን እየጎተተ፣ በቀጥታ ያንኑ ማሳ ገባ። ታፈረ ከሩቅ አየው፤ ማማው ላይ የሚዞረውንም ወንጭፍ አየ። እየሮጠ ይጮህ ጀመር።

«አላምረው! ተው! በሬዬን! ተው በእናትህ!»

አላምረው ሰምቶታል። ንዴቱም እንዳለ ነው፤ ሰው ስለተማረ ንዴት አይተወውም። በሬው የሚያኝከው የደረሰ እህል ነው፤ ሊወለድ ላለው ልጅ የታሰበ እህል። ዓይኑ በሬው አፍ ላይ ተጣብቆ ነበር። እንደ መዥገር ነቀለውና ከበሬው አፍንጫ ፊት ባለች አንዲት የአፈር ጓል ላይ አኖረው። ሌላ ነገር አላየም። ለቀቀ።

ጓሉ ፈነዳ። አቧራው በሬው አፍንጫ ውስጥ ገባ። ዳልቻ አነጠሰ፣ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ ከዚያም ዞሮ በመጣበት ወጣና ታፈረ እጅ ገባ።

ታፈረ እያለከለከ በሬውን ያዘ። አራቱንም እግሮቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ፤ ዓይኖቹን አየ፤ ቀንዶቹን ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ወደ ማማው ቀና አለ።

«ሳትከው!»

«አዎ፤ ሳትኩት» አለ አላምረው።

ታፈረ ድንጋዩ ወደተቀበረበት ሄዶ ጎንበስ አለ። ከዚያ እስከ በሬው ኮቴ ምልክት ያለውን ቦታ በመዳፉ ለካው። መዳፉ ሞላውና ትንሽ ተረፈች። ለካ፤ ደግሞ ለካ። በዚህ መካከል ከግቢው በኩል እልልታ ተሰማ። በዚያ አገር ድንጋዩ ለሳተ ሰው እልል ሲባል የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ታፈረ ደነገጠ። «ሚስትህ ምን ሆነች? ምጥ ነው?»

«ኧረ አይደለም» አለ አላምረው። «ስለሳትኩ ደስ ብሏት ነው።»

ታፈረ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። ፈገግታውን ሊደብቅ እንደሆነ ግን ከማማው ላይ እንኳ ይታወቅ ነበር። «እንዲህ አድርገህ መሳት ከቻልክ» አለ በመጨረሻ፣ «ዝናቡ እንደጣለ ወይኖን ይዘህ ና።»

ነገሩ ይህ ነው። መምታት ለጠላት ይበቃ ይሆናል፤ አብሮን ለሚኖር ሰው ግን መሳትን ማወቅ ያስፈልጋል። ስንቆጣ ዓይናችን የበደለን ሰው ላይ ይተከላል፤ ቃላችንም ዓይናችንን ተከትሎ ያንኑ ሰው ይሰብራል። መቆጣት ነውር አይደለም፤ እንጉዳይም ተቆጥታ ነበር። ነውሩ፣ ሰውየው ከየት እንዲመለስልን እንደፈለግን ሳናይ መልቀቃችን ነው። ከእርምጃው ፊት ያረፈ ቃል ሰውን ይመልሳል። ጉልበቱ ላይ ያረፈ ቃል ግን ያስነክሰዋል፤ ያስነከስነው ሰው ደግሞ ከእኛ ጋር አያርስም።

ለመሆኑ፣ እናንተ ትናንት ለምትወዱት ሰው የወረወራችሁት ቃል የት ላይ አረፈ?