ሟች የሌለበት ድንኳን

አንድ ቀን፣ ያውም ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሳይሞት የለቅሶ ድንኳን ተተከለ።

የተከለው መክብብ የሚባል የፊልም ተማሪ ነው። ለመመረቂያው አጭር ፊልም ሠርቶ ማስረከብ ነበረበት። ታሪኩ የአንዲት ሴት ነው፤ ታማ አልጋ ላይ ስትውል ዘወር ብሎ ያያት የለም፣ ስትሞት ግን ሰፈሩ ሁሉ ደረቱን እየደቃ ያለቅስላታል። ልጁ ይህን ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም።

ድንኳኑን የፈቀዱለት የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ዘርጋው ናቸው። ጋሽ ዘርጋው የማያውቁት ነገር የለም። ስለ ደም ግፊት ከሐኪሙ፣ ስለ ቧንቧ ከቧንቧ ሠራተኛው፣ ስለ አያትዎ ደግሞ ከእርስዎ የበለጠ ያውቃሉ። ስለሚያውቁ አይጠይቁም፤ ስለማይጠይቁም የሰው ነገር ጆሯቸው አይገባም። መክብብ ሊያስፈቅድ የመጣ ዕለት፣ የእድሩ ጸሐፊ ነኝና ከጎናቸው ተቀምጬ ነበር። ልጁ ስለ ፊልሙ፣ ስለ ካሜራው፣ ስለ ተዋናዮቹ እየተቅለሰለሰ አስረዳ። እሳቸው ስልካቸውን እየነካኩ አዳመጡት፤ ማለቴ፣ ስልካቸውን ነካኩ። በመጨረሻ ቀና ብለው ድንኳኑ ለሐዘን መሆኑን ብቻ ጠየቁት። ለሐዘን ትዕይንት ነው አላቸው። እንግዲያው እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ሳትቀድ መልስ ብለው አሰናበቱት። ልጁ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። ተመራቂ ተማሪም መጽናናት ያስፈልገዋል ብዬ ዝም አልኩ።

የመክብብ ተዋናዮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሟቿን ሆና የምትሠራው ፌቨን የምትባል የክፍል ጓደኛው ስትሆን፣ ፎቶዋ በጥቁር ሪባን ተከቦ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ድንኳን የሚሞላ አልቃሽ ከየት እንደሚያመጣ ሲጨነቅ ሰንብቶ ነበር። ጭንቀቱ በከንቱ ነው፤ ድንኳኑን ያየ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ገባለት። በሩ ላይ በትልልቅ ፊደል «ፊልም እየተቀረጸ ነው» ብሎ ለጥፏል፤ ለቅሶ ቤት በር ላይ ግን ማን ቆሞ ያነባል? የገባው ሁሉ መጀመሪያ አለቀሰ። ነገሩ ሲነገረው ሳቀ። ፊልም ላይ ሊታይ መሆኑን ሲሰማ ደግሞ ፀጉሩን አስተካክሎ እንደገና ሊያለቅስ ተቀመጠ።

ካሜራው ሥራ እንደጀመረ ጋሽ ዘርጋው ደረሱ። ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ ገና ከወፍጮ ቤቱ ማዕዘን ጀምሮ ወንድሜን፣ ወንድሜን እያሉ ነው የመጡት። አንዱ ክንዳቸውን ይዞ ሊነግራቸው ሞከረ፤ የሚያጽናናቸው መስሏቸው ባሰባቸው። ቀጥለው ድንኳኑ መሃል ቆመው ንግግር አደረጉ። ሟቹ ከወንድም በላይ እንደነበር፣ ከአንድ ማዕድ እንደበሉ፣ ባለፈው ሳምንት እንኳ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብለው እጃቸውን ይዞ እድሩን አደራ እንዳላቸው ተናገሩ። ፎቶው ከኋላቸው ነበር፤ ዞር ብለው አላዩትም። ድምፃቸው ሲዘጋ ብርጭቆ ውሃ ያቀረበችላቸው ፌቨን፣ ማለትም ሟቿ ራሷ ናት። ተቀብለዋት ጠጡና፣ አይዞሽ ልጄ፣ ሞት እኮ ለማንም አይቀር አሏት። እሷም አሜን ብላ ብርጭቆዋን ይዛ ሄደች።

መክብብ በቃ ሲል ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ። ጋሽ ዘርጋው የሚያጨበጭበውን ሰው አዩ፣ ካሜራውን አዩ፣ በመጨረሻም ፎቶውን አዩ። ፊታቸውን በመሐረብ ጠረጉና ሌላ ለቅሶ እንዳለባቸው ተናግረው ወጡ።

ነገሩ እዚያው በቀረ ነበር፤ ግን ፊልም ከተሠራ በኋላ መተዋወቅ አለበት። መክብብ ሰው በምረቃው ዕለት አዳራሽ መጥቶ እንዲያይለት አንድ አጭር ማስታወቂያ ቆርጦ ቲክቶክ ላይ ለቀቀ። ማስታወቂያው ላይ ጋሽ ዘርጋው ወንድሜን እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ፤ ከኋላቸው ፌቨን በፎቶዋ ውስጥ ፈገግ ብላለች። ሌላ ምንም የለውም፤ ሌላ ምንም አላስፈለገውም። ሳምንት ሳይሞላ የታክሲ ረዳቶች ተሳፋሪውን ወንድሜን እያሉ መጥራት ጀመሩ። ሽማግሌ ሳያስፈቅዱ እንዲህ ማሳየት ነውር መሆኑን ለልጁ ነግሬዋለሁ። የነገርኩት ግን ቪዲዮውን ደጋግሜ ካየሁት በኋላ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በእድሩ አዳራሽ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ጋሽ ዘርጋው ያቀረቡት ሐሳብ አጭር ነበር፤ ልጁ ፊልሙን እዚያው ሰው ፊት ያጥፋ፣ እምቢ ካለ እናቱ ከእድሩ ትሰረዝ። ፊልሙን የሚያስረክበው በማግስቱ ነው፤ ካጠፋው ምረቃ የለም። እናቱ ወይዘሮ አልጋነሽ ደግሞ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከዚህ እድር በቀር ቀባሪ የሌላቸው ሴት ናቸው። ከኋላ ወንበር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ልጃቸውን አጥፋም አታጥፋም አላሉትም።

ጋሽ ዘርጋው ተነሥተው ቆሙ።

«ይህ ልጅ በሐሰት ድንኳን አውጥቶ፣ ለሌለ ሟች አስለቅሶናል። ሌላው እንደፈለገ ይሁን፤ የኔ እንባ ግን የእውነት ነበር። በዚህ ዕድሜዬ የውሸት አልቃሽ ተብዬ አልቀርም።»

የኮሚቴው አባላት ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ዘርጋው ቆመው ሲናገሩ ራስን መነቅነቅ የኮሚቴው ዋና ሥራ ነው።

መክብብ ከመቀመጫው ተነሣ። ይቅርታ ይለምናል፣ እግር ላይ ይወድቃል ብለን ስንጠብቅ ኮምፒውተሩን ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ከፈተው።

«እውነትዎን ነው ጋሼ» አለ። «ከልብ የፈሰሰ እንባ ፊልም ማድረግ ነውር ነው። ይኸው ፊልሙ። ያለቀሱለትን ሰው ስም ይንገሩኝና አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።»

ጋሽ ዘርጋው ወደ ገንዘብ ያዡ ወደ አቶ ድንቁ ዞሩ፤ አቶ ድንቁ ጣራውን እያዩ ነው። ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ባለፈው ወር የገባሁባቸውን ድንኳኖች እያሰብኩ፣ የስንቱን ሟች ስም እንደማውቅ ለራሴ መመለስ አቅቶኝ መሬት መሬት አይ ነበር።

«ያ እንኳን...» አሉ ጋሽ ዘርጋው በመጨረሻ፣ «ያ ከታች በኩል የነበረው ደጉ ሰውዬ...»

«ሴት ናት» አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ ከኋላ፣ ነጠላቸውን ከአፋቸው ሳያነሡ።

የሳቁ አንዳንዶች ነበሩ፤ ግን ሳቁ ሩቅ አልሄደም። ሁሉም ሰው ጎረቤቱ ዞሮ እሱንም እንዳይጠይቀው የፈራ ይመስል ነበር። አቶ ድንቁ የአዳራሹ ጣራ እንደሚያፈስ አሁን ገና እንዳዩ ተናገሩ። ስለ ጣራው ብዙ ተወራ። ወይዘሮ አልጋነሽን የመሰረዙን ነገር ያነሣ ሰው አልነበረም። መክብብም ኮምፒውተሩን ዘግቶ እናቱን ደግፎ ወጣ።

ልጁ ፊልሙን በሰዓቱ አስረክቦ ተመረቀ። መምህራኑ ሥራውን ወደውለታል፤ አንድ ነገር ብቻ ተችተው ነጥብ ቀነሱበት አሉ። ሽማግሌው ተዋናይ ከመጠን በላይ አጋኗል፣ በእውነተኛ ለቅሶ ሰው እንዲህ አይሆንም ብለው ነው።

ጋሽ ዘርጋውም ቢሆኑ ትምህርት ወስደዋል። ዛሬ ድንኳን ሲያዩ እንደ ድሮው ከሩቅ እየጮሁ አይገቡም። በሩ ላይ ቆም ብለው፣ አስተናጋጁን ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፣ መጀመሪያ ይጠይቃሉ። የሚጠይቁትም ካሜራ መኖር አለመኖሩን ነው፤ ማን እንደሞተማ ያውቃሉ።