ጋሽ ሙሄ የረገሙት እጅ

ደሴ ጨርቅ ተራ ውስጥ መብቱን አሳልፎ ሰጥቶ የሚያማርር ሰው ከተገኘ አንዲት አባባል ትወረወርበታለች። ከአያት ከቅድመ አያት የወረደች እንዳትመስላችሁ፤ የትናንት ናት። መነሻዋ ጨርቅ ሻጩ ጋሽ ሙሄ ናቸው፤ ዛሬ ሲያወሯት ከሰሚው ይበልጥ የሚስቁትም እሳቸው።

ጨርቅ ሻጮቹ ያላቸውን አዋጥተው በአክሲዮን ፎቅ ሠርተዋል። መንገድ ዳር ያለው ግራውንድ የነሱ ሱቅ ነው። ትልቁ ባለአክሲዮንና የቦርድ ሰብሳቢው አቶ ልሳነወርቅ ግን ግራውንዱን ለባንክ አከራይተው ሻጮቹን አራተኛ ፎቅ ላይ መስቀል ከተመኙ ቆይተዋል። ጉባኤ በተጠራ ቁጥር ትንንሾቹ አዳራሹን ይሞሉና እየተያዩ እጅ አውጥተው ያከሽፉባቸዋል። ጋሽ ሙሄም ጎረቤታቸውን እትዬ ፋጤን አይተው ነበር እጅ የሚያወጡት። ስለ ምን እንደሆነ ኋላ ይጠይቃሉ።

ዘንድሮ «ዘምነናል፤ ጉባኤው በስልክ ነው» ተባለ። ጋሽ ሙሄ አልገባኝም ማለት ሞት መሰላቸው። ስልኩን ከፈቱት፤ ጠየቃቸው። «እሺ» የሚለውን ተጫኑ። ደግሞ ጠየቃቸው፤ እሺ። ሰው ፊት እምቢ ማለት የሚያፍሩት ሰውዬ ለስልክም ይሉኝታ ያዛቸውና ሳያነቡ እሺ እሺ ብለው ጨረሱት። ከተስማሙበት አንዱ «በእኔ ፈንታ ሰብሳቢው ይወስኑልኝ» የሚል ነበር።

በሳምንቱ ውሳኔው ተለጠፈ፤ ግራውንዱ በጠባብ ልዩነት ለባንክ ሆኗል። ጋሽ ሙሄ ደማቸው ፈላ። ነጠላ ልግዛ ብሎ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ማን አለ? ልጆቻቸውን ያሳደጉባት ሱቅ እኮ ናት! ጎረቤቱን ሁሉ አስከትለው ሰብሳቢው ቢሮ ገቡና፣ «ይህን የደገፈ እጁ ይሰበር!» አሉ።

አቶ ልሳነወርቅ አልተቆጡም። ወንበር ስበው አስቀመጧቸውና ኮምፒውተሩን ወደ ሰዉ አዞሩት።

«ኧረ ጋሽ ሙሄ፣ እጅዎን አይርገሙ። እርስዎ በሰጡኝ ውክልና እኮ ነው ያለፈው።»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያቸው። ጋሽ ሙሄ ቀኝ እጃቸውን ቀስ አድርገው ኪሳቸው ከተቱት።

«ደግነቱ የእኔ እርግማን ድሮም አይደርስም» ብለው ሊስቁ ሞከሩ። እንባቸው ግን ቀደማቸው፤ እዚያው ወንበሩ ላይ አቀርቅረው አለቀሱ።

የእትዬ ፋጤም ሱቅ አብሮ ሄዷል፤ መቆጣት ሲችሉ ግን የጋሽ ሙሄን ትከሻ መታ መታ አደረጉና እንዲህ አሉ፦ «ይነሱ ጋሽ ሙሄ፤ እጁን ያዋሰ፣ ጥፊ ሲቀምስ አያልቅስ።»