ባለስለቱ ጓንጉልና የሚስቱ ሱፍ

፦ ተረት ተረት!

፦ የላም በረት!

ቆይ፣ ቆይ። ዛሬ የላም በረት አትበሉኝ። በዛሬው ተረት ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ ላሟም ነጥፋለች። «የባቄላ እሸት» በሉኝ። እስቲ እንደገና።

፦ ተረት ተረት!

፦ የባቄላ እሸት!

እንዲህ ነው እንጂ። ጠጋ በሉ። አንተ ከበሩ አጠገብ ያለኸው፣ አፍህ ውስጥ ያለው የኔ ቆሎ ከሆነ ቶሎ ዋጠው። ቀና ስል እንዳልይዝህ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔም ስጠረጥር ነው ያረጀሁት።

በድሮ ዘመን፣ ከገብስና ከባቄላ በቀር ምንም በማይበቅልበት ደጋ አገር፣ ጓንጉል የሚባል ገበሬ ነበረ። ሚስቱ ዘነቡ ትባላለች። ዘነቡ የቆላ ልጅ ናት፤ ተድራ ነው ወደ ደጋ የወጣችው። ትርንጎ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ከትርንጎ በፊት የወለዷቸው አላደጉላቸውም። ስለዚህ ትርንጎ ባስነጠሰች ቁጥር ሁለቱም ይደነግጣሉ።

አንድ ክረምት ትርንጎ ታመመች። ትኩሳቱ አልለቅ አላት። ውሃ እንኳ አልወርድ አላት። ጓንጉልም ሮጠና ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተደፋ። ዘነቡም ልጅቷን አዝላ ተከተለችውና ከኋላው ቆመች። ጓንጉል ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲህ አለ፦

፦ አቦዬ፣ ብቻ ልጄን ማርልኝ። እኔ ሥጋ አልበላም። ቅቤም፣ ወተትም፣ እንቁላልም እስክሞት ድረስ በአፌ አይዞርም።

በዓል ነበርና አገሩ ሁሉ ሰማው። ከዚያም ልጅቷ ዳነች። እንዴት እንደ ዳነች እኔን አትጠይቁኝ። ዳነች።

የነፍስ አባቱ ግን ነገሩን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

፦ ምነው ልጄ፣ «እስከ ዓመት» ብትል ምን ነበረበት? እንግዲህ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጠብቀው።

፦ እጠብቃለሁ አባቴ፣ አለ ጓንጉል። ስለቴ የፈረሰ ቀን አቦ ልጄን የሚወስዳት ይመስለኛል።

እንዲህ ብሎ ሥጋውን ተወ፣ ቅቤውንም ተወ። በምትኩ ግን ምንም አልተካም። ደረቅ እንጀራ በበርበሬ ይበላና ሞፈሩን ተሸክሞ ይወጣል። ጾሙንማ ሁላችንም እንጾማለን፤ ፋሲካ ይመጣል ብለን ነው የምንጾመው። ለጓንጉል ግን ፋሲካ አይመጣለትም። ብዙም ሳይቆይ ጉንጩ ገባ። እርፍ መጨበጥ ከበደው። ትንሽ ያርስና ከትልሙ ዳር ይቀመጣል፣ ትንሽ ያርስና ይቀመጣል። ጎረቤቶቹም፦ ዛሬስ ጓንጉልን ያረሱት በሬዎቹ ናቸው፣ ብለው ሳቁ። ደቦ ሲወጡም መጥራት ተዉት።

ዘነቡ ይህን አየች። ልጅቷን አዘለችና ወደ እናቷ አገር ወደ ቆላ ወረደች። ስትመለስ በአህያ ኑግ፣ ሽምብራና ሱፍ ጭናለች። ደገኞቹ ሱፍ አይተው አያውቁም፤ እንክርዳድ ነው ብለው አሾፉባት። እሷ ግን ወደ ባሏ ዞረችና፦

፦ ጉልበትህን የጣለው ስለቱ አይደለም፤ ባዶ እንጀራ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የሰጠሁህን ብላ፣ አለችው።

ማለዳ ሳይወጣ በሶ በጥብጣ ታጠጣዋለች። ለስንቁ የገብስ ቆሎና ኑግ አብራ ትወቅጥና፣ ጨው ጣል አድርጋ፣ በእጇ ጨብጣ ጭብጦ ታስይዘዋለች። ቀን በሬዎቹን ፈትቶ ሲያርፍ ባቄላና ሽምብራ አብሮ የተቀቀለ ንፍሮ ትወስድለታለች። ማታ ኑግ ጠብ ያለበት ሽሮና ጎመን አለ። አንዳንድ ማታም እንጀራውን በሱፍ ትፈተፍትለትና ቃሪያ ጣል ታደርግበታለች። ሱፉን እንዴት እንደምትሠራው ጓንጉል አላየም። በዚያ ዘመን ወንድ ወደ ጓዳ አይገባም፤ ዛሬም አልገባ ብሏል።

ከዚያም ጓንጉል ወደ ሰውነቱ ተመለሰ። አንገቱ ሞላ፣ ፊቱ ወዛ። ሳይጠሩት ደቦ ወጣና ሥጋ በልቶ የመጣውን ሁሉ ጥሎ አረሰ።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ሰው ሲከሳ ያዝኑለታል፤ ሲያምርበት ይጠረጥሩታል። አራሾቹ ጥላ ሥር ሲያርፉ አንዱ አጠገቡ ላለው፦

፦ ይኼ ጉልበት የባቄላ ነው? አለው።

፦ እንጃ። ሚስቱ ናት የምታውቀው።

በማግስቱ የጓንጉል እህት ወርቂት መጣች። እንደ ወርቂት ያለች በየመንደሩ አትጠፋም፤ ሰው ቤት ስትገባ ከሰላምታው በፊት ድስት የምትከፍት ናት። ወንድሟን ወደ ጓሮ ወሰደችው።

፦ ወንድምዓለም፣ ፊትህን በውሃ አይተኸዋል?

፦ ምን ሆነ?

፦ ወዝቷል። ጎመን የበላ ፊት እንዲህ አይወዛም።

፦ ኑጉ ነው ትለኛለች።

፦ እሷማ ትልሃለች። ባሏ ሲከሳባት ሴት ምን የማታደርገው አለ? ከወጡ ላይ ትንሽ ቅቤ ጣል ብታደርግ ማን ያያታል? እኔ ምንም አላልኩም። ግን ጠርጥር፤ አይጠፋም ከገንፎ ስንጥር።

ልጆቼ፣ «እኔ ምንም አላልኩም» የሚል ሰው ሁሉን ብሎ ጨርሷል።

ያን ቀን ማታ ትርንጎን ሳል አነቃት። አንዴ ሳለችና ተመልሳ ተኛች። ጓንጉል ግን ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ። በሆዱም፦ ስለቴ ፈርሷል፤ ልጄን ሊወስዳት ነው፣ አለ። ፍርሃቱ እውነተኛ ፍርሃት ነበር፤ በዚህ አልስቅበትም። የምስቅበት ለሚስቱ ባለመናገሩ ነው። ጠርጣራ ሰው አይጠይቅም፣ ያሸታል። ወጡን ያሸታል፣ ድስቱን ያሸታል፣ የዘነቡን እጅ ሳይቀር ያሸታል።

፦ ምነው ጓንጉል፣ ጉንፋን ያዘህ? ትለዋለች።

፦ አዎ፣ ይላታል።

አንድ ቀን ብልሃት መጣለት። ቅቤ በደጋ ብርድ ይረጋል፤ የኑግ ዘይት አይረጋም። ስለዚህ ከሽሮው ላይ ጥቂት በገል አስቀረና ከደጅ ደበቀው። ጠዋት ሄዶ ቢያይ ገሉ ተልሶ ጸድቷል። ውሻው ከአጠገቡ ተጋድሟል። ጓንጉልም፦ ውሻ ሽሮ ይልሳል እንዴ? ቅቤ ቢኖርበት ነው እንጂ፣ አለ። ውሻ የኔንም እግር ይልሳል፤ ቅቤ ተቀብቼ አይደለም። የጠረጠረ ሰው ግን ማስረጃ አያጣም።

ከዚያም ቆረጠ። ቅቤ ወይም ወተት ካገኘሁባት ወደ እናቷ አገር እሰዳታለሁ፤ ትርንጎንም አልሰጣትም፣ አለ። በማግስቱም ለሚስቱ፦ ገበያ ልሂድ፣ ሲመሽ እመጣለሁ፣ አላት። እሷ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ በጓሮ ዞሮ ገባና ቆጥ ላይ ወጣ። ቆጡ የዶሮዎቹ ማደሪያ ነው። እስቲ አስቡት፤ ያ የሚያክል ሰውዬ ጉልበቱን ከአገጩ አጣጥፎ፣ ከኩሱ ላይ ተጎልቶ፣ የገዛ ሚስቱን ሊይዝ ያደባል።

ዋለና ዋለና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዘነቡ እራቱን ልትሠራ ተቀመጠች። ትርንጎ ከደጅ ትጫወታለች። ዘነቡ ጀርባዋን ለቆጡ ሰጥታ አንድ ነገር ትጨምቃለች። ጓንጉል ዘንበል ብሎ አየ። ወደ ጣባው ነጭ ነገር ይወርዳል፤ ወተት የመሰለ ነጭ። ደሙ ፈላና ከቆጡ ዘለለ። ዶሮዎቹም ተንጫጩ።

፦ ያዝኩሽ።

ዘነቡ ደነገጠች። ከዚያም ራሱ ላይ የተሰካውን ላባ አየች።

፦ ገበያው ቆጥ ላይ ነው የዋለው? አለችው።

፦ ይኼ ምንድን ነው?

፦ ሱፍ ነው።

፦ ወተት ነው።

፦ ላማችን ነጥፋ የለም እንዴ?

፦ የጎረቤት ላም አልነጠፈችም።

፦ እንግዲያው ቅመሰውና እወቀው።

ጓንጉል እጁን ሰበሰበ። ሳያውቅ የበላውን አቦ ይተውለት ይሆናል። ጠርጥሮ ቢቀምስና ወተት ቢሆን ግን ልጁን በገዛ አፉ መግደሉ ነው።

፦ አልቀምስም፤ ልጄን አልገድላትም፣ አለ።

ይሄን ጊዜ ነገሩ ለዘነቡ ገባት። ማሽተቱም፣ ጉንፋኑም፣ ቆጡም ገባት። አልጮኸችም።

፦ ትርንጎን ማን አምጦ ወለዳት? አለችው።

ጓንጉል ጣቱን ወደ ጣባው ቀሰረ። እሷም የጨመቀችበትን ጨርቅ ፈታችና ከፊቱ ዘረጋችው። ውስጡ የተወቀጠ ገለባ ነው።

፦ ወተት ገለባ አለው?

ጓንጉል ከሙቀጫው ሥር የቀረች አንዲት የሱፍ ፍሬ አነሣና በጥፍሩ ፈለጣት። ውስጧ ነጭ ነው። አንገቱን ደፋ። እፍረቱን ለመሸፈን ያህልም፦

፦ እሺ፣ ሱፍ ነው። እንግዲህ ገለባውን ለዶሮዎቹ ጣይላቸው፣ አላት።

ዘነቡ ግን አልጣለችውም። ገለባውን ከማጀቱ ጥግ ወዳለች ትንሽ ሳህን ገለበጠችና ከደነችው። የጓንጉል ጥርጣሬ ገና ከቤት አልወጣም ነበርና፦

፦ ደግሞ ገለባ ምን ያስከድነዋል? ብሎ ክዳኑን አነሣው።

ከገለባው ሥር የተቆረሰ ደረቅ እንጀራና ትንሽ ጨው አለ። ቆረሰና ቀመሰው። ገለባው ጉሮሮውን ቧጠጠው።

፦ ይኼን ማን ነው የሚበላው?

፦ እኔ።

በዚያ ዘመን ባል በልቶ ሲነሣ ነው ሚስት የምትበላው። ጓንጉል የራሱን ወጥ ሲያሸት ከርሟል፤ እሷ ምን ትበላ እንደ ነበር ግን አንድ ቀን አላየም። አሁን ቀና ብሎ አያት። ነጠላዋን ልታስተካክል እጇን ስታነሣ አምባሯ እስከ ክርኗ ተንሸራተተ። ጉንጯም ገብቷል።

፦ ሱፉን ለምን አትበዪም? አላት።

፦ ያመጣሁት እስከ መኸር ለሁላችንም አይበቃም። አንተ ታርሳለህ፤ ልጅቷ ታድጋለች።

፦ ቅቤ ከወርቂት ቤት አይጠፋም ነበር። ስለቱ የኔ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም።

ዘነቡ ጣባውን አንሥታ ከፊቱ አስቀመጠችለት።

፦ አንተ ጮኸህ ተሳልክ፤ አገር ሰማህ። እኔ ከኋላህ ልጅቷን አዝዬ በሆዴ ተሳልኩ። እኔን አቦ ብቻ ነው የሰማኝ፣ አለችው።

ጓንጉል አለቀሰ። ሱፉን ሳይነካ ጣባውን ወደ እሷ ገፋው።

፦ ብዪ።

፦ በልቻለሁ።

፦ ዋሸሽ፣ አላት።

ከዚያ ቀን ወዲያ ከአንድ ገበታ በሉ። ጓንጉል ራሱ ቆላ ወርዶ ሱፍ ጭኖ መጣ፤ ውቀጣውንም ያዘ። ወርቂት ወንድሟ ሲወቅጥ አየችውና፦ መድኃኒት አዙራበታለች፣ እያለች አገሩን ዞረች። ትዙር። ትርንጎም አደገችና ለወግ ለማዕረግ በቃች።

ጥርጣሬው ግን ጓንጉልን አልለቀቀውም። እስኪያረጅ ድረስ ጠርጣራ ነበር። ዘነቡ «በልቻለሁ» ባለች ቁጥር አያምናትም፤ ጉርሻ ጠቅልሎ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃታል። እስክትውጥ ድረስም ዓይኑን አይነቅልባትም።

ተረቴ አለቀ። እናንተም ተረቴን መልሱልኝ፣ የደረቀ አፌንም በምታገኙት አብሱልኝ፤ ንፍሮም ቢሆን አልጠላም። ግን ለኔ ከማምጣታችሁ በፊት ወደየቤታችሁ ግቡና እናታችሁን በልታ እንደሆነ ጠይቋት። «በልቻለሁ» ካለቻችሁ አትመኗት።