አፈር ያልለበሰው ዘር

አንዲት እናት መምህሯን ልትጠይቅ መጣች። ጆሮዋ የማይሰማ ሴት ልጅ አለቻት። መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት በሰፈሩ ተከፍቷል፤ እሷ ግን ልጅቷን ከግቢ አውጥታት አታውቅም። «የኔታ፣ ይስቁባታል ብዬ ነው። ልጅን ከክፉ መሸሸግ ኃጢአት ነው ወይ?» አለቻቸው።

እሳቸውም እንዲህ አሏት፦

አንድ ሰው ነበረ፤ በቆሎና ባቄላ እየዘራ የኖረ ገበሬ። ሚስቱ ሞተችበት። እሷ በሕይወት ሳለች የደጁን መንገድ ዳርና በረንዳው ላይ የተደረደሩትን ማሰሮዎች በፔቱኒያ አበባ ትሞላቸው ነበር። ከስንዝር ብዙም የማትረዝመውን፣ ጎኗን አስፍታ አበባ የምትደራርበውን ዓይነት ነበር የምትወደው። ከሞተች በኋላ ደጁ ባዶ ሆነ። ከዚያ ሰውየው ሣጥኗን ሲከፍት የዚያችን አበባ ዘር በወረቀት ተጠቅልሎ አገኘ። ዘሩ ከትቢያ የደቀቀ ነው፤ ቢተነፍሱበት ይበናል።

የእሷ እጅ የነካው የመጨረሻው ዘር ነውና ሳሳለት። ወፍ እንዳይለቅመው፣ ፀሐይ እንዳያደርቀው ፈርቶ፣ የዘሩን ግማሽ ማሰሮ ውስጥ ዘርቶ አፈር ደህና አድርጎ አለበሰው። ውኃ አጠጥቶ ጠበቀ። አንድም አልበቀለ። አፈሩ ያነሰበት መሰለውና ከቀረው ከፍሎ ሲዘራ ይበልጥ ሸፈነው፤ ፍግም ጨመረበት። ያም ቀረ። እጄ አይባርክም ብሎ ተስፋ ቆረጠ፤ በረንዳው ላይ መቀመጥም ተወ።

የሚስቱ እህት ልትጠይቀው መጥታ ባዶውን ማሰሮ አየች። እንዴት እንደዘራ አንድ በአንድ ነገራት።

«ይህ ዘር ብርሃን ካላየ አይነቃም» አለችው። «እህቴ አፈሩን አርሳ ላዩ ላይ ትበትነውና በመዳፏ ጫን ታደርገው ነበር እንጂ አትቀብረውም።»

«ታዲያ ራቁቱን ልተወው? አንድ ነገር ቢያገኘውስ?»

«ጠብቀዋ። መጠበቅ ሌላ፣ መቅበር ሌላ።»

ሰውየው የቀረችውን አንዲት ቁንጣሪ ዘር በተነ። አፈር ሊያለብሳት እጁን ሰደደና መልሶ ሰበሰበው። ማሰሮውን ሐሩር የማይመታው፣ ብርሃን ግን የሚያገኘው ቦታ አኖረ፤ ስስ ላስቲክ ጋረደበት፤ አፈሩ ደረቅ ሲል ውኃ እንደ ጤዛ አርከፈከፈበት። አንድ ማለዳ ጎንበስ ብሎ ሲያይ የመርፌ ጫፍ የምታህል አረንጓዴ ነገር ብቅ ብላለች፤ ከጎኗም ሌላ። ተቀመጠና አለቀሰ።

ችግኞቹ ሲጠነክሩ ከፊሎቹን ወደ መንገዱ ዳር አዛወራቸው። ክረምት ሲገባ ዶፍ ወርዶ ጥቂቶቹን ሰበራቸው። የቀሩት ግን ሰፉ፤ ደጁ ሐምራዊና ነጭ ሆነ፤ አላፊ አግዳሚው ቆም እያለ አየው።

ልጄ፣ ሰውየው ክፉ አልነበረም። ዘሩን ያስቀረው ፍርሃቱ ነው። አንቺም የሸፈንሻት ስለምትወጃት ነውና ኃጢአት አልልሽም። ነገር ግን የልጅሽ ብርሃን የሰው ፊት ነው። በእጃቸው የሚነጋገሩ ልጆች መካከል ስትገባ፣ ያን ጊዜ ትነቃለች። ይስቁባታል አልሽ፤ የሚስቅ አይጠፋም። ያን ዕለት አጠገቧ ሁኚ፤ መጠበቅ ማለት እሱ ነው። ሰውየው ቢሳሳት ደግሞ የሚዘራው ነበረው፤ አንቺ ያለችሽ አንዲት ናት። ሰኞ ጠዋት እጇን ይዘሽ ነይ። እኔም እስከ ትምህርት ቤቱ በር አብሬያችሁ እሄዳለሁ።