ከወንዝ የማይመለስ ሸኝ

እንግዳውን ሸኝቶ ከመንገድ የሚመለስ ሰው ሁሉ የሚላት አንዲት አጭር አባባል አለች። እንግዳውን ቶሎ ለመገላገል የፈለገ ሰነፍ ያወጣት ነች የሚሉ አሉ። ሐሜት ነው። በእኛ አገር ሽማግሌዎች ሲያወሩ የሰማነው መነሻዋ ሌላ ነው።

ከወንዙ ወዲህ አያ ጓንጉል፣ ከወንዙ ማዶ አያ ቢተው የሚባሉ ሁለት ባላገሮች ነበሩ። በጉልምስናቸው የነበራቸው አንዳንድ በሬ ብቻ ስለሆነ፣ በሬዎቻቸውን አቀናጅተው ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ያርሱ ነበር። በሬዎቹ አርጅተው ታረዱ፤ ልጆች ደርሰው እርሻውን ተረከቡ። መቀናጆው ግን በሰዎቹ መካከል እንዳለ ቀረ።

በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠያየቃሉ። ለኅዳር ሚካኤል ቢተው ወደ ጓንጉል ይመጣል፤ ለጥር ሥላሴ ጓንጉል ወደ ቢተው ይሻገራል። መገናኘቱስ ባልከፋ፤ ጣጣው መለያየቱ ላይ ነበር። የአገሩ ወግ እንግዳን እስከ ወንዙ ሸኝቶ፣ እዚያው ተሰነባብቶ መመለስ ነው። አያ ጓንጉል ግን ከወንዝ አይመለስም። «ትንሽ ልራመድ» እያለ ወንዙን ተሻግሮ፣ አቀበቱን ወጥቶ ሰውየውን ከደጃፉ ያደርሰዋል። ቢተው ደግሞ ሽበታም ወዳጁን ብቻውን መስደድ ያሳፍረውና መልሶ ይሸኘዋል። አንድ ዓመት እንዲህ ሲመላለሱ ውለው ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል፣ የቢተው ሚስት ወይዘሮ አልጋነሽ ደጅ ላይ ጠበቀቻቸውና ከሁለት አንዳችሁ እዚሁ እደሩ፣ ወንዙ እንኳ በእናንተ ተሰላቸ አለቻቸው።

አገሩ ሳቀባቸው። ጓንጉል ግን የሚያውቀውን ያውቃል። በወጣትነታቸው ውባለ የሚባል ሦስተኛ ጓደኛ ነበራቸው። ውባለ ወደ ቆላ ሊወርድ ሲነሳ ጓንጉል እስከ አፋፉ ሸኘውና እርሻ ስለነበረበት ተሰናብቶት ተመለሰ። ውባለን ወባ በላው፤ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ጓንጉል ከመንገድ የተሰናበቱት ሰው ተመልሶ አይመጣም ብሎ አመነ። እኩዮቹ አንድ በአንድ አልቀው ቢተው ብቻ ሲቀርለትማ ፍርሃቱ ባሰበት። ቢተውን ይወደው ነበር፤ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው።

በመጨረሻው ኅዳር ሚካኤል ቢተው በበቅሎ መጣ። እግሮቹ አብጠዋል፤ ሁለት ቃል ተናግሮ ያርፋል። ከዝክሩ ጠላ ከንፈሩን ብቻ አስነካ። ያም ሆኖ የጠፋ በሬ ሲፈልጉ ስለዋሉበት ቀን እያነሳ ቤቱን ሁሉ ሲያስቅ አመሸ። በማግስቱ ጧት ጓንጉል እንደ ልማዱ ሸኘው። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ቢተው በቅሎዋን አቆመ።

«ጓንጉል፣ ዛሬ ከዚህ ተመለስ» አለው።

«ለምን ብዬ?»

«ልሰናበትህ። አቀበቱን ከወጣሁ በኋላ ለወሬ የሚተርፍ ትንፋሽ የለኝም። አሁን አለኝ።»

ጓንጉል ስለ ውሃው ብርታት፣ ስለ ድንጋዩ ማዳለጥ ቀባጠረ። ከዚያ የበቅሎዋን ልጓም ይዞ ውሃው ውስጥ ገባ። ቢተው ሁለተኛ አልጠየቀም።

አቀበቱ ክፉ ነበር። ከደጃፉ ሲደርሱ ቢተው ትንፋሹ ተቆራርጦ፣ ልጆቹ ደግፈው አወረዱትና አልጋው ላይ አስተኙት። ጓንጉል ደጅ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ሊመልሰው የወጣ ሸኝ አልነበረም። ለአልጋነሽ በደህና አደረስኩልሽ ብሏት ቁልቁለቱን ብቻውን ወረደ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከማዶ ጥሩንባ ተነፋ።

ጓንጉል ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ ተሻገረ። ጎረምሶቹ ሽማግሌ ነህ ተው ቢሉትም አስከሬኑ ሲወጣ ትከሻውን ሰጠ። ፍትሐቱ አልቆ አስከሬኑን ወደ ጉድጓዱ ሊያወርዱት ሲሉ ግን ተንበርክኮ የሰሌኑን ጫፍ ያዘ። ቄሱ ልቀቅ አሉት፤ አለቀቀም። የቢተው ታላቅ ልጅ ክንዱን ያዘው፤ ጓንጉል ይብስ አጠበቀ። ሰዉ የሚያደርገው ጠፋው።

«አልተሰነባበትንም» አለ ጓንጉል። «ከወንዙ ልሰናበትህ ሲለኝ እምቢ አልኩት። አቀበቱን በግድ አስወጣሁት። ምን ሊለኝ እንደነበር እንኳ አላውቅም።»

ያን ጊዜ አልጋነሽ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ መጣች። ፊቷ በለቅሶ አብጧል። አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ምን ሊልህ እንደነበርማ ለእኔ ነግሮኛል» አለችው። «አልጋው ላይ እንዳስተኙት ጠራኝና፣ ‹ጓንጉል እንደ እሱ ያለ ወዳጅ የለም፤ ግን ብቻውን መመለስ አይችልበትም፤ ስሞት አደራ አንቺ መልሽው› አለኝ። አልተቀየመህም። በል አሁን የምትለውን በለው፤ ሰው ቆሟል።»

ጓንጉል አጎንብሶ ወደ ሰሌኑ ተጠጋ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከመንገድ ላይ ለማንም ሳይለው የኖረውን ቃል አወጣው።

«ደህና ግባ፣ ቢተው» አለ።

ጣቶቹ አንድ በአንድ ተላቀቁ። አፈሩ ሲወርድ ሊያይ አንገቱን ወደ ጉድጓዱ ሲያሰግግ አልጋነሽ ክንዱን ይዛ አስነሳችው፤ ፊቱንም ወደ መንገዱ አዞረችና፣ «ና አያ ጓንጉል፣ እንሂድ፤ ሸኝ ቤት አያደርስም» አለችው።