ድግስ ያልበላ ምስክር

አንድ ቀን ስንሻው የሚባል ገበሬ መሬቱን ሊነጠቅ ወረዳ ፍርድ ቤት ቆመ። አዎ፣ «ሊነጠቅ» ነው ያልኩት፤ ክርክሩን የሰማ ሰው ሁሉ ሌላ መጨረሻ አልታየውም። ከሳሹ ጎረቤቱ አቶ አንለይ ናቸው። ሰፊ መሬት አላቸው፣ ዓይናቸው ያረፈው ግን ስንሻው ወንዝ ዳር ባለችው ግማሽ ጥማድ ላይ ነው። ስንሻው በበጋ ከወንዙ ውኃ እየጠለፈ ነጭ ሽንኩርት ያለማባታል፤ ልጆቹ የሚማሩት በእሷ ነው። አቶ አንለይ ደግሞ ዝናብ ካልጣለ በቀር ሞፈር የሚነኩ ሰው አይደሉም። የይዞታ ደብተሩም አልረዳ፤ የሁለቱም ደብተር «በምሥራቅ ወንዙ ያዋስነዋል» ብሎ ዝም ይላል።

አቶ አንለይ ሰባት ምስክር አሰለፉ። ዳኛው እያንዳንዱን እያስማሉ «ከተከራካሪዎቹ ጋር ዝምድና ወይም ጠብ አለህ?» ሲሉ፣ ሁሉም «ዝምድናም ጠብም የለኝም፣ እውነቱን ለመናገር ነው የመጣሁ» ይላል።

«እሺ፣ የምታውቀውን ተናገር።»

«መሬቱ የአቶ አንለይ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ጤፍ ዘርተው ኅዳር ላይ ያጭዱታል፤ በጋውን ባዶውን ይከርማል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሰባቱም እንዲሁ አሉ፤ አንድ ቃል የጨመረም የቀነሰም የለም። እኔ እንዲህ አንድ ላይ ሲዘምሩ የሰማሁት የሰንበት ተማሪዎችን ብቻ ነው፣ እነሱም ቢሆኑ አንዳንዴ ይስታሉ።

ተራው የስንሻው ሲሆን ከወረዳው ግብርና የመጣች አንዲት ባለሙያ ብቻ አቀረበ። ስንሻው ባለሙያዎቹ ሰብል ሲለኩ የሜትር ገመድ እየያዘላቸው ማሳ ለማሳ ዞሮ ስለነበር እጃቸው ላይ ምን እንዳለ ያውቃል። ሴትየዋ ይዛ የመጣቻቸውን ፎቶግራፎች ዳኛው ፊት ዘረጋች።

«ክቡር ዳኛ፣ ይኼን ከላይ ሆኖ ያነሳው ሳተላይት ነው። እኛ የምንጠቀምበት የየትኛው ቀበሌ ሰብል እንደከዳ ቀድመን ለማወቅ ነው፤ ሰው ሳይራብ እህል እንድናስመጣ። እስቲ የየካቲቱን ይመልከቱ። ዙሪያው ሁሉ ደርቋል። ይቺ ወንዝ ዳር ያለችው ቁራጭ ግን አረንጓዴ ናት። አምና የካቲትም፣ ካቻምናም፣ እስከ አሥር ዓመት ድረስ እንዲሁ ናት።»

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩ። ይኼኔ የአቶ አንለይ ጠበቃ ከመቀመጫው ተነሣ።

«እቃወማለሁ ክቡር ፍርድ ቤት! ይኼ የተባለው መሣሪያ ቀበሌውን አንድም ቀን ረግጦ አያውቅም። አቶ አንለይን አያውቅ፣ አቶ ስንሻውን አያውቅ። ከማንም ጋር ሰላምታ ያልተለዋወጠ ነገር እንዴት ተደርጎ ነው ምስክር የሚሆነው?»

አቶ አንለይም አላስቻላቸውም፤ ሳይፈቀድላቸው ከኋላ ጮኹ። «አንተ ስንሻው! አገር ሙሉ ሰው እያለ የሚመሰክርልህ አንድ ጎረቤት አጥተህ ሰማይ ለሰማይ የሚዞር ብረት ይዘህ መጣህ? ትንሽ አታፍርም?»

ችሎቱ አጉረመረመ። ነገሩ ያማል። በገዛ ቀበሌው አንድ ሰው «አውቅለታለሁ» ያላለው ገበሬ ምን ይባላል? የስንሻው ሚስት በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች፤ መሬቷ የሄደች መሰላት።

ዳኛውም ወደ ስንሻው ዞሩ። «ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ይመልሱ። ተወልደው ካደጉበት ቀበሌ እንዴት አንድ ምስክር ያጣሉ?»

ስንሻው ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። የተናደደም አይመስል።

«ጌታዬ፣ ሳልፈልግ ቀርቼ አይደለም። ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። ግን አያ አንለይ የቀጠሮው ቀን ሲቃረብ ሰንጋ ጥለው ቀበሌውን በሙሉ ጠሩ። አንድ የቀረ ሰው የለም። እኔም ሳልጠራ ሄጄ በልቻለሁ፣ ባልዋሽ ሥጋው ግሩም ነበር! እና ጌታዬ፣ የእሳቸውን ድግስ ያልበላ ምስክር ምድር ላይ ባጣ ጊዜ ነው ወደ ሰማይ ያንጋጠጥኩት።»

ችሎቱ በሳቅ ተናወጠ። ዳኛው አፋቸውን በመዝገቡ ከለል አድርገው ሳቃቸውን ጨረሱና ወደ ሰባቱ ምስክሮች ዞሩ።

«እውነት ነው? በልታችኋል?»

ስድስቱ መሬት መሬት አዩ። ሰባተኛው፣ ዕድሜ የጠገቡት ሽማግሌ ግን ስማቸው በከንቱ እንዳይጠፋ ብድግ አሉ።

«እኔ እንኳ አልበላሁም ጌታዬ። ጾም ይዤ ስለነበር፣ ለእኔ ለብቻዬ ሽሮ ነው ያሠሩልኝ።»

መሬቷ በዚያው ቀን ለስንሻው ተፈረደች።